ከሰዓት በኋላ የምታነክሰው አህያ

ዙፋን ሳቋን መያዝ የማትችል ሴት ናት። በሠርጓ ቀን ሚዜው አዝሏት ሲወጣ አንደኛው ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲቀር አየችና፣ ሙሽራ ማልቀስ በሚገባት ሰዓት በነጠላዋ ውስጥ ትንፈቀፈቅ ጀመር። አክስቷ የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ሁላችንም በዚሁ ነው ያለፍነው» እያሉ ጀርባዋን ደባበሷት። ያ ደግሞ ባሰባት። ልቅሶ ቤት ስትሄድ፣ ሲመጣባት ሹልክ ብላ እንድትወጣ ከበሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። የነፍስ አባቷ ለዚሁ ስግደት አዘዙላት። ስትሰግድ ዶሮ መጥታ ነጠላዋ ላይ ቆመችና እሱንም ሳትጨርስ ቀረች።

የሚያስቃት ደስታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዙፋንን ሳቅ የሚይዛት ሲጨንቃት ነው። ሌላው ሰው ሆድ ሲብሰው እንባው እንደሚቀድመው፣ እሷን ሳቅ ይቀድማታል። ትዳር ይዛ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ልጆቿን ድራ እዚህ እስክትደርስ የሚያስቅ ነገር አጥታ አታውቅም።

ቤታቸው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አካባቢ ወደ ታች በሚገነጠለው የእግር መንገድ ላይ ነው። በቆሎ ይዘራሉ፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን በርበሬ ነው። በርበሬ በሚለቀምበት ወራት ያ መንደር ሲያስነጥስ ይውላል። ቄሱ ያስነጥሳሉ፣ ውሻው ያስነጥሳል፣ እንግዳ ሰው ከአጥሩ ሳይደርስ ያስነጥስና መምጣቱ ይታወቃል። ቀዩ በርበሬ ጠዋት በግቢው ይሰጣል፤ ፀሐይ በረድ ሲል ተሰብስቦ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ መኪናው መንገድ ይጋዛል። በዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ የጆንያ ሰዓት ነው።

ድሮ ያንን ጆንያ የምትሸከመው ዙፋን ነበረች። ባሏ ባዬ ጉልበቱን ስለሚያመው ሸክም አይችልም። ከኋላዋ እየተከተለ «ቀኝ ቀኙን ያዢ፣ ያዳልጣል» ይላታል። ያቺም እርዳታ ናት። በመጨረሻ ዙፋን በግ አድልባ ሸጠችና ከቡሬ ገበያ አህያ ገዛች። ስሟንም ወይዘሪት አለቻት። ሰው ለበሬው ስም ያወጣል፣ ለላሙም ያወጣል፤ ለአህያ ስም ማውጣት ግን ያልታየ ስለሆነ መንደሩ ሳቀ።

«እስቲ ለድመቷም ማዕረግ ስጫት» አላት ባዬ።

«ጆንያ ከተሸከመች እሰጣታለሁ» አለችው።

ከወይዘሪት ወዲህ ዙፋን ገበያ ስትሄድ እጆቿን እያወዛወዘች ነው። ከዚያ በፊት እጆቿ የት እንደሚውሉ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ገመድ ይዘው ነው የኖሩት። መጀመሪያ ሰሞን ባዶ እጇን ማወዛወዝ አሳፍሯት ዝም ብላ የዛፍ ቅርንጫፍ ትይዝ ነበር።

ወይዘሪት ማነከስ የጀመረችው የበርበሬው ለቀማ ሲጋመስ ነው። ዙፋን የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ትርሲትን አስጠራቻት። ትርሲት ወጣት ናት፣ በሞተር ነው የምትዞረው፤ መንደሩ ዶክተር ይላታል፣ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቷት ትታዋለች። የወይዘሪትን ሰኮና አንስታ አየች፣ የተሰበረ ምስማር አወጣች፣ መግሉን አፈሰሰች፣ አጥባ አሰረችላት። ከዚያ የሕመም ማስታገሻ ዱቄት በላስቲክ ሰጠቻቸው፣ ከትንሽ መስፈሪያ ጋር።

«በፉርሽካ ለውሳችሁ ጠዋት ጠዋት ስጧት» አለች። «ቁስሉ እስኪሽር ሕመሙን ያበርድላታል። ቀኑን ሙሉ ሳታነክስ ከዋለች ጭነት ትችላለች። እስከዚያ ድረስ አትጫኗት።»

በዚያው ቀን የጎረቤታቸው የገነነ ፈረስም ታይቷል። ገነነ ባለ ጋሪ ነው፤ ቡላ የሚባለው ፈረሱ የፊት እግሩ አብጦበት ነበር። ትርሲት ለእሱም ያንኑ ዱቄት፣ ለጠዋት ጠዋት ብላ ሰጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሪት ፉርሽካዋን ልሳ ጨረሰችና አጥሩን እየዞረች ሽው አለች። ዙፋን አይታ ሳቀች። ባዬም ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ባዬ ጆንያዎቹን ተሸክሞ ሳይሆን እየጎተተ ወደ ግቢው ሲመጣ፣ ወይዘሪት አንድ እግሯን አንጠልጥላ ጆሮዋን ጥላ ቆማለች። በሦስት እግሯ እንጣጥ እያለች ወደ ጥላው ሄደች።

በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፣ በአራተኛውም እንዲሁ። ጠዋት ሙሽራ፣ ከሰዓት በኋላ ለማኝ።

«ይቺ አህያ ጆንያ ስታይ ነው የምታነክሰው» አለ ባዬ።

«ኧረ ተው፣ አህያ እንዲህ አታስብም።»

«ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። ስም ያለው ሁሉ ያስባል።»

ዙፋን በማግስቱ ጠዋት ባዶ ጆንያ ይዛ ወይዘሪት ፊት ወዲያ ወዲህ አለች። ወይዘሪት ጆንያውን አሸተተች፣ አስነጠሰች፣ አላነከሰችም። ዙፋን ሮጣ ለባዬ ነገረችው።

«ባዶ መሆኑን ታውቃለቻ» አለ ባዬ።

በዚህ ላይ የገነነ ፈረስ ነበር። ቡላ ያንኑ ዱቄት ጠዋት ይበላል፣ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ይጎትታል፣ ማታም ቀጥ ብሎ ይገባል። ገነነ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ይቆማል።

«አያ ባዬ፣ ወይዘሪት እንዴት ዋሉ?» ይላል፣ በአክብሮት።

«አመም አድርጓቸዋል» ይላል ባዬ።

«ቡላ አገልጋይዎ ነኝ ብሏል በሏቸው።»

ዙፋን ትስቃለች፤ የምትስቀው ግን ጨንቋት ነው። ምክንያቱም ባዬ ቃል ተናግሯል። እስከ ገበያው ቀን ድረስ ወይዘሪት አንድ ሙሉ ቀን ሳታነክስ ካልዋለች፣ ወስዶ ከከተማው ዳር ካለው ገደል አፍ ሊተዋት ነው። የማትሠራ አህያ የምትተውባት ቦታ ናት፤ ጅብ ያውቃታል። ባዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲናገር ራሱ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ነገር ግን በርበሬው ጆንያ ውስጥ ነው፣ ጆንያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ወይዘሪት ከሄደች ደግሞ ጆንያው የሚሄድበት ጀርባ አንድ ብቻ ነው። ዙፋን ያንን ጀርባ ስታስበው ያሳክካታል።

ባዬ ፍርዱ እንዳይጓደል ብሎ ደግሞ ምርመራ አደረገ። አንድ ጠዋት የወይዘሪትን ዱቄት ሲለውስ፣ ከመስፈሪያው ጫፍ ቆንጠር አድርጎ በጠላ ጠጣው። መድኃኒቱ እውነት የሚሠራ ከሆነ በእሱ ጉልበት ይታያል። ከሰዓት በኋላ ጉልበቱን አጠፈው፣ ዘረጋው፤ ሕመሙ የለም። በማግስቱም የለም። ባዬ ለብዙ ዓመት ያልወጣውን የበቆሎ መጠበቂያ ማማ ወጣና ከላይ ሆኖ ጠራት።

«ዙፋን! የት እንዳለሁ እዪ።»

«ውረድ፣ ትወድቃለህ።»

«ትናንት ጠዋት የቀመስሁት ነው ዛሬም የሚያወጣኝ። መድኃኒቱ ደህና ነው። ውሸታሟ አህያይቱ ናት።»

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ጣመውና ጠዋት ጠዋት ለወይዘሪት ሲሰጥ ለራሱም ይቆነጥር ጀመር። በመንደሩ ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር። ያላሰበው ቤት ሁሉ ይገባል። ያንድ ሰው አጥር ዘሎ ገብቶ «በበሩስ ምን ነበር?» ቢሉት «በሩ ሩቅ ነው» አለ። ዙፋን በአንድ በኩል ባሏ እንደ ጎረምሳ ሲዘል፣ በሌላ በኩል አህያዋ በሦስት እግር ስትቆም እያየች መሐል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እስክታስነጥስ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አያ አድማሴ ሄደች።

አያ አድማሴ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንበርተኛ ያስታርቃሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። የአህያ ጉዳይ ግን ቀርቦላቸው አያውቅም።

«ከሳሽ ማን ነው?» አሏት።

«ባዬ።»

«ተከሳሽ?»

«ወይዘሪት፣ አያ።»

አያ አድማሴ አገጫቸውን ያዙ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር አምጧት» አሉ። «ባልሽንም።»

ዙፋን ያን ቀን ለትርሲት ስልክ ደወለች። «እሑድ መጥተሽ ካልመሰከርሽልኝ አህያዬን ጅብ ይበላታል» አለቻት፣ እየሳቀች። ትርሲት ሳቁን ሰምታ ቀልድ መሰላት፤ ቢሆንም መጣች።

እሑድ ዋርካው ሥር ከወትሮው የበለጠ ሰው ነበር። ለድንበር ክርክር ያልመጣ ሰው ለአህያ ክርክር መጣ። ወይዘሪት ከመሐል ቆማ የሽማግሌዎቹን መቀመጫ ሣር መንጨት ጀመረች። ባዬ ተነሣና ክሱን ተናገረ፦ ጠዋት ትሮጣለች፣ ጆንያ ሲመጣ ታነክሳለች፤ መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ሁለት ምስክር አለኝ።

«አንደኛውን ጥራ» አሉ አያ አድማሴ።

ገነነ ቡላን እየሳበ ገባ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ገነነ ግን ፊቱን ሳያጥፍ መሰከረ፤ ቡላ ጠዋት ይበላል፣ እስከ ማታ ይሠራል፣ አንድ ቀን አነከስሁ ብሎ አያውቅም።

«ሁለተኛውስ?»

ባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሁለተኛው እኔው ነኝ» አለ። ከዚያም ምስክርነቱ እንዲታይለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁጢጥ ብሎ ተነሣ፣ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ ተነሣ። ዙፋን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

ትርሲት ከኋላ ቆማ ነበር፤ ምን እንደሚመሰክር አልገባትም። የባዬ ጉልበት ከአህያይቱ ጋር ምን እንዳገናኘው ልትጠይቅ ስትል አያ አድማሴ «ነይ ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ» አሏት። እሷም መጀመሪያ ዙፋንን ጠየቀቻት።

«እትዬ ዙፋን፣ ማነከስ የምትጀምረው መቼ ነው?»

«ጠዋት ከበላች ብዙም ሳይቆይ ደህና ትሆናለች። ጥላችን እግራችን ሥር ሲገባ ጆሮዋን ትጥላለች። ከዚያ ታነክሳለች።»

«ጆንያ ባይኖርስ?»

«ባይኖርም። እሱ ጆንያውን ይዞ ሲመጣ ስላያት ነው እንጂ ከዚያ በፊትም ቆማለች።»

ትርሲት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «በሉ ወይዘሪትን ልቀቋት» አለች። «የፈረስ ልክ ነው የሰጠኋት። እሽጉ ላይ የተጻፈው ለፈረስ ብቻ ነው፤ እኔም አህያን እንደ ትንሽ ፈረስ ቆጥሬ ነው። አህያ ግን ትንሽ ፈረስ አይደለችም።»

«እንዴት ነው እሱ?» አሉ አያ አድማሴ።

«ጉበትን ወፍጮ በሉት፣ አያ። መድኃኒቱ በደም ይዞራል፣ እስካለ ድረስ ሕመሙን ይይዛል። ጉበት ደግሞ እየፈጨ እየፈጨ ያሳንሰዋል፤ የተፈጨው በሽንት ይወጣል። ካለቀ ሕመሙ ይመለሳል። የፈረስ ወፍጮ ይህን መድኃኒት ረጋ ብሎ ነው የሚፈጨው። የአህያ ወፍጮ ግን ፈጣን ነው። ጠዋት የሰጣችኋት እኩለ ቀን ላይ አልቋል። እሷ የሚያማት እውነቷን ነው፤ በቀን ሁለቴ መሰጠት ነበረበት።»

«ስለዚህ አህያይቱ ከፈረሱ በወፍጮ በለጠች» አሉ አያ አድማሴ።

«በዚህ መድኃኒት በልጣለች።»

ገነነ የቡላን አንገት ዳበሰ። «አትስማቸው» አለው።

ሳቁ ጋብ ሲል አያ አድማሴ እንደ ዋዛ ጠየቁ። «የሰው ወፍጮስ?»

«የሰውማ ለዚህ መድኃኒት ከሁሉም ሰነፍ ነው» አለች ትርሲት። «የሰው ጉበት ሲፈጨው ቀናት ያልፋሉ። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ከተጨመረ ይከመራል፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ደምም ይጎዳል። ለዚህ ነው ይህን ዱቄት ሰው እንዳይነካው የምንለው።»

ሰው ሁሉ ባዬን አየ። ባዬ ወይዘሪትን አየ።

«ስንት ቀን ነው የሚቆየው ያልሽው?» አለ ቀስ ብሎ።

ትርሲት አሁን ገባት፤ ፊቷም ተለወጠ። «አያ ባዬ፣ ወስደዋል?»

«ለምርመራ ነው።»

«አንዴ?»

«ጠዋት ጠዋት። ከእሷ ጋር።»

«ሆድዎን ያቃጥልዎታል?»

«ትንሽ ይፋጀኛል» አለ ባዬ። «የበርበሬ ወቅት ነው ብዬ።»

ዙፋንን ያን ጊዜ ሳቁ ያዛት። እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ዋርካውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፤ የሚያውቃት ሁሉ ምን ያህል እንደፈራች በዚያ አወቀ። ገነነ ማንም ሳያዘው ቡላን ጋሪው ላይ ጠመደ። ባዬን ላዩ ላይ አወጡት፣ ዙፋን አጠገቡ ተቀመጠች፣ ትርሲት በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ ቀድማ ሄደች። ሲነሡ አያ አድማሴ ከኋላ ጮክ ብለው ፍርዱን ሰጡ።

«ሁለቱም ምስክሮች ተሰናብተዋል። አንደኛው ፈረስ ነው፣ ሌላው ከፈረስም የዘገየ ነው። ወይዘሪት በነፃ ትሂድ። የእኩለ ቀኑን መድኃኒት ባዬ በገዛ እጁ ይስጣት፤ ጣቱን ሳይልስ።»

ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ሲስተር ህይወት ነበረች። ምን እንደወሰደ ጠየቀችው። ባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ማስታገሻ» አለ።

«የምን ማስታገሻ?»

«የአህያ» አለች ዙፋን።

ሲስተር ህይወት ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። ደሙን አስመረመረች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቀችው። አልጠቆረም። ቆንጥሮ እንጂ ሰፍሮ አለመውሰዱ በጀው። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥታ፣ ሌላ ማስታገሻ እንዳይነካ አስጠንቅቃ፣ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠረችው።

«ጉልበቴስ?» አላት ባዬ።

«የአህያይቱ መድኃኒት እስኪወጣልዎ ድረስ አይሰማዎትም» አለችው። «ሲወጣ ይነግርዎታል።»

ሲመለሱ ዙፋን ጋሪው ላይ ባሏን በጎን ታየዋለች። ቀለም አለው፣ ይተነፍሳል፣ እንደ ወትሮው ገነነን «ቀኝ ቀኙን ያዝ፣ ያዳልጣል» ይላል። ሳቁ ለቀቃትና በምትኩ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጥላ እግር ሥር ሲገባ ባዬ ሁለተኛውን ፉርሽካ ለውሶ፣ በተዘረጋ እጁ እንደ ታቦት ተሸካሚ ተጠንቅቆ፣ ወደ ወይዘሪት ይሄዳል። ዙፋን ከበሩ ትጠብቀዋለች።

«እጅህን አሳየኝ» ትለዋለች።

ያሳያታል። ታጥቧል።

ወይዘሪት ከሰዓት በኋላ ቆማ ዋለች፣ በአራቱም። ሌላ ቀን ደግሞ ጥላ ፍለጋ አልሄደችም። በመጨረሻ ትርሲት መጥታ ሰኮናዋን አነሣች፣ ቁስሉ ደርቆ ጠንክሯል፤ ዱቄቱን አስቆመችውና የቀረውን ላስቲክ ይዛ ሄደች። ባዬ ላስቲኩን በዓይኑ እስከ መንገዱ ሸኘው። ጉልበቱ ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ከአልጋ ሲነሣ፣ ተናግሮት ነበር።

ወይዘሪት ያለ መድኃኒት የዋለችበትን የመጀመሪያ ቀን ዙፋን ሥራ አልሠራችም። በርበሬው ላይ ቁጭ ብላ አህያዋን ስታይ ዋለች። ጥላው እግር ሥር ገባ። ወይዘሪት ጆሮዋን አልጣለችም። ፀሐይ በረድ አለ፣ ባዬ እያነከሰ ጆንያውን እየጎተተ መጣ። ወይዘሪት ጆንያውን አሸተተችና አስነጠሰች። በአራት እግሯ ቆመች።

የገበያው ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወጡ ወይዘሪት በርበሬዋን ተጭና ከፊት፣ ባዬ ከኋላ በዱላ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ገነነ ደረሰባቸው፣ ልጓሙን ሳበ።

«አያ ባዬ፣ ከሁለታችሁ የሚታከመው የትኛው ነው?» አለ።

ባዬ ሳቁን ችሎ ሊያልፍ ሞከረ፣ አልቻለም፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሳቀ። ጋሪው ላይ ወጣ በል ቢለው «የለም፣ ከወይዘሪት ጋር ነኝ» አለ። ዙፋን ሁለቱንም ቀድማ ሄዳ ነበር። ከታች ሲያዩዋት ጀርባዋ ላይ ምንም የለም፤ እጆቿ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ምን እንደሚያስቃት ማንም አልጠየቃትም።